ኮምፒውተሩ አፕዴት ካደረገ በኋላ ስካነሩ እምቢ ሲላችሁ፦ ከፎርማት በፊት የሚሠሩ ነገሮች

ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ስልኬ ጠራ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ኮፒ ቤት ያላት ደንበኛዬ ናት። «ወንድሜ፣ ስካነሩ ሞተብኝ» አለችኝ። ቅዳሜ ማታ በደንብ ሲሠራ ነበር። ላፕቶፑን ስትዘጋው «አፕዴት እየተደረገ ነው፣ አታጥፉ» የሚል ጽሑፍ መጣ። እሷም ትታው ወደ ቤቷ ሄደች። ሰኞ ስትከፍተው ፋይሎቿ አሉ፤ ፕሪንተሩም ያትማል። ስካን ስትል ግን «ስካነር አልተገኘም» ይላታል።

ስደርስ ሦስት ሰው ቆሞ ይጠብቃል። አንዱ ከገላን በሚኒባስ የመጡ አባት ናቸው። የቤታቸውን ካርታ በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ውጭ አገር ላለው ልጃቸው በቴሌግራም ሊልኩለት ነው። ጎኗ ያለው ሞባይል ጠጋኝ ደግሞ መፍትሔውን ቀድሞ ነግሯታል። «ፎርማት ይደረግ!»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው «ፎርማት» በምትባል በዚያች ቃል ምክንያት ነው፤ ኮምፒውተሩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ከአፕዴት በኋላ ስካነር ሲቆም ፎርማት መፍትሔ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ቃሊቲ አካባቢ የአንድ ትንሽ ቢሮ ኮምፒውተር ፎርማት አድርጌያለሁ። ዴስክቶፕ ላይ የነበረ የሁለት ዓመት የስካን ፋይል ጠፋ። ጨርሼ ስካነሩን ስሰካው አሁንም አልሠራም። ችግሩ የዩኤስቢ ገመዱ ነበር። ጸሐፊዋ ምንም አልተናገረችኝም። ባዶውን ስክሪን ዝም ብላ ስታይ የነበረው ፊቷ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ነገሩን እንዲህ አስቡት። ወረቀቱ ከስካነሩ መስታወት ተነሥቶ ስክሪናችሁ ላይ እስኪደርስ አራት በር ያልፋል። መጀመሪያ መሣሪያው ራሱ፣ ቀጥሎ ገመዱ ወይም ኔትወርኩ፣ ከዚያ ድራይቨሩ (በስካነሩና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው አስተርጓሚ)፣ በመጨረሻ ስካን የምታደርጉበት ፕሮግራም። አፕዴት አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው ሦስተኛውን በር ነው። የፊተኞቹን ሁለት ሳታዩ ሦስተኛውን ብትነቃቅሉ ግን ቀናችሁ በከንቱ ያልፋል። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ። የማወራው በአብዛኛው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው፤ እኛ ሰፈር ኮፒ ቤቱም ቢሮውም የሚጠቀመው እሱን ነውና።

ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው አስቀድሙ

ጥገናው ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ሰው ግን የታክሲ ከፍሎ መጥቷል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ጉግል ድራይቭ የመደመር ምልክቱን ስትነኩ ስካን የሚል ምርጫ አለው። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ፣ ጥላ በማያርፍበት ቦታ ዘርጉት። ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡት። ጠርዙን ራሱ ይቆርጠዋል፤ ፒዲኤፍም አድርጎ ያስቀምጠዋል። ለአብዛኛው ጉዳይ ይበቃል። የሰው መታወቂያና ካርታ ስልካችሁ ውስጥ እንዳይቀር ግን ከላካችሁ በኋላ አጥፉት፤ ከድራይቩም ጭምር። ይህ የደንበኛ አደራ ነው።

እርምጃ 1፦ ስካነሩ ራሱ በሕይወት አለ?

ከከተማው ዳር ያለን ሰዎች አንድ ነገር ይምታታብናል። አፕዴቱና የመብራቱ መሄድ አንድ ሌሊት ላይ ይገጣጠማሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ይመጣና የስካነሩን አዳፕተር ይመታዋል። ጠዋት ኮምፒውተሩ «አፕዴት ተደርጓል» ሲል ጥፋቱ ሁሉ በአፕዴቱ ይላከካል።

መለያው ቀላል ነው። መሣሪያው ኮፒም ስካንም ፕሪንትም የሚያደርግ ከሆነ የኮምፒውተሩን ገመድ ንቀሉት። ወረቀት መስታወቱ ላይ አድርጉና ኮፒ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ጥርት ያለ ኮፒ ከወጣ መብራቱም፣ ሞተሩም፣ የሚያነበው ዓይኑም ደህና ናቸው። ችግሩ ከመሣሪያው ውጭ ነው ማለት ነው። ኮፒውም እምቢ ካለ ወይም ጥቁር ወረቀት ከወጣ ግን ኮምፒውተሩን አትንኩት። የሚያስፈልጋችሁ የመሣሪያ ጠጋኝ ነው።

ስካን ብቻ የሚያደርግ ጠፍጣፋ ስካነር ኮፒ የለውም። እሱን ሶኬት ላይ ስትሰኩት ጆሮ ስጡት። ደህና የሆነ ስካነር ብዙውን ጊዜ ሲነሣ አጭር የሞተር ድምፅ ያሰማል፤ መብራቱም ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ከዩኤስቢ ብቻ ኃይል የሚወስዱት ግን ኮምፒውተሩ እስኪጠራቸው ዝም ሊሉ ይችላሉ። አንዳንድ ቀጫጭን ስካነሮች ደግሞ ከሥራቸው ለጉዞ የሚዘጋ መቆለፊያ አላቸው። ቅዳሜ ሱቁን ሲያጸዱ ስካነሩን አንሥተውት ከነበረ ገልብጣችሁ እዩት። የተዘጋ የመቆለፊያ ሥዕል ላይ ከሆነ ወደ ተከፈተው ግፉት።

እርምጃ 2፦ ሻት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት

«አጥፍቼ አብርቼዋለሁ» የሚል ሰው ሁሉ በእርግጥ አጥፍቶታል። ግን ዊንዶውስ 10 እና 11 ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አላቸው። ሻት ዳውን ስትሉ የሲስተሙን የውስጥ ክፍል ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም። ዲስክ ላይ ያስቀምጠውና በሚቀጥለው ጊዜ እንዳለ ያነሣዋል። የተበላሸውም ነገር አብሮ ይነሣል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል።

ስለዚህ ስካነሩን አጥፉና ከሶኬት ንቀሉት። ኮምፒውተሩን ከስታርት ላይ ሪስታርት በሉት። ሙሉ በሙሉ እስኪነሣ ታገሡ። ከዚያ ስካነሩን አብሩና ሞክሩ። አፕዴቱ ግማሽ ላይ ቀርቶ ከነበረም በዚህ ሪስታርት ይጨርሳል። መብራት የመሄድ ስጋት ካለ ላፕቶፑን ቻርጅ ሞልታችሁ፣ ዴስክቶፑን በዩፒኤስ አድርጋችሁ ብቻ ይህን ሥሩ።

እርምጃ 3፦ ገመዱና ቀዳዳው

አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት፤ የቃሊቲውን አስታውሱ። ገመዱን ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ማባዣ ላይ ተሰክቶ ከነበረ ከማባዣው አውጡትና በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ አድርጉት። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ ያሉትን ተጠቀሙ። አሮጌ ስካነር ሰማያዊ ምላስ ባለው ፈጣኑ ቀዳዳ ላይ የሚያኮርፍበት ጊዜ አለ፤ ጥቁሩን ሞክሩ። ከተገኘ የፕሪንተር ገመድ ተውሳችሁ ሞክሩ፤ አብዛኞቹ ስካነሮች የሚጠቀሙት ያንኑ ባለ አራት ማዕዘን ጫፍ ገመድ ነው።

ስካነሩ ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ቀዳዳውን እያጠፋው ይሆናል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ (የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ዝርዝር ነው፤ አከፋፈቱን እርምጃ 4 ላይ እዩ) ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ ከሚለው ሥር ሩት ሀብ የሚሉትን አንድ በአንድ ክፈቱ። ፓወር ማኔጅመንት የሚል ገጽ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ይህን ዲቫይስ ያጥፋ የሚለውን ምልክት አንሡ።

እርምጃ 4፦ ዲቫይስ ማናጀር ምን ይላል?

ዋናው ምርመራ እዚህ ነው። ስታርት ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጫኑና ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። የምትፈልጉት ኢሜጂንግ ዲቫይስስ የሚለውን መስመር ነው። አሁን ስካነሩን ከኮምፒውተሩ ንቀሉና መልሳችሁ ሰኩት። ዝርዝሩ ብልጭ ብሎ ይታደሳል። ብልጭ ካላለ ኮምፒውተሩ ስካነሩ መሰካቱን እንኳ አላወቀም፤ ወደ ገመዱ ተመለሱ።

ብልጭ ብሎ ስካነሩ በስሙ ኢሜጂንግ ዲቫይስስ ሥር ከመጣና ምንም ምልክት ከሌለበት ድራይቨሩ ደህና ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ወደ እርምጃ 6 እለፉ።

አዘር ዲቫይስስ በሚለው ሥር ቢጫ ሦስት ማዕዘን ይዞ ከመጣ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው። ሁለት ጊዜ ተጫኑትና የተጻፈውን ኮድ አንብቡ። ኮድ 28 ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ኮድ 10 ዲቫይሱ መነሣት አልቻለም ይላል። ኮድ 43 ዲቫይሱ ችግር ስላሳወቀ ዊንዶውስ አቁሞታል ማለት ነው፤ ይህ ከገመድ ወይም ከራሱ ከመሣሪያው ሊመጣ ይችላል። ኮድ 52 የድራይቨሩ ዲጂታል ፊርማ ሊረጋገጥ አልቻለም ማለት ነው፤ አሮጌ ድራይቨር ላይ የሚታይ ነው። ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ባለሙያ ብትጠሩም ይህ ቁጥር ከ«አልሠራም» ይሻለዋል።

የቱሉ ዲምቱው ኮድ 28 ነበር።

ፕሪንተሩ እያተመ ስካነሩ ለምን ይጠፋል?

ብዙ ሰው ግራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «አንድ ዕቃ አይደለም እንዴ? ካተመ ለምን ስካን አያደርግም?» ይላል። ዕቃው አንድ ቢሆንም ለኮምፒውተሩ ሁለት ነው። ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ማለት ነው። ለፕሪንተሩ አንድ አስተርጓሚ፣ ለስካነሩ ሌላ አስተርጓሚ አለ። ትልቅ አፕዴት ሲመጣ ዊንዶውስ የአምራቹን አስተርጓሚ አንሥቶ የራሱን አጠቃላይ አስተርጓሚ ሊያስቀምጥ ይችላል። ያ አጠቃላይ ድራይቨር ማተም ያውቃል። ስካን ማድረግን ግን ላያውቅ ይችላል።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው የአምራቾችን የፕሪንተር ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ማቅረቡን ደረጃ በደረጃ እያቆመ ይሄዳል። ስለዚህ «ኢንተርኔት ላይ ካገናኘሁት ራሱ ያመጣዋል» የሚለው ልማድ እየከሸፈ የሚሄድ ይመስለኛል። ከአምራቹ ድረ ገጽ ራሳችሁ ማውረድን ልመዱ።

እርምጃ 5፦ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን መትከል

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ አዲሱን ድራይቨር አውርዱ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አሮጌውን ንቀሉ። ካርድ ቢያልቅ ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ባዶ እጃችሁን እንዳትቀሩ።

የስካነሩን ትክክለኛ ሞዴል ከጀርባው ወይም ከሆዱ ላይ ካለው ወረቀት አንብቡ። አንዲት ፊደል ብትለያይ ሌላ ዕቃ ነው። ወደ አምራቹ ድረ ገጽ ገብታችሁ በሞዴሉ ፈልጉ። ቤዚክ ወይም ድራይቨር ብቻ ከሚለው ይልቅ ፉል የሚለውን ጥቅል ውሰዱ፤ ትንሹ ጥቅል ብዙ ጊዜ ማተሚያውን ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው። ዊንዶውስ 11 ባለ 32 ቢት የለውም፤ ስለዚህ ባለ 64 ቢቱን ምረጡ። ለዊንዶውስ 11 የተለየ ካልተዘጋጀ የዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢቱ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

«ድራይቨር ፈላጊ» እያሉ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንጭናለን ከሚሉ ፕሮግራሞች ራቁ። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞሩትንም ጭምር። አንድ ድራይቨር ጭነው አምስት የማትፈልጉትን ያስገባሉ።

ከወረደ በኋላ የስካነሩን ገመድ ንቀሉ። ሴቲንግስ ውስጥ አፕስ ገብታችሁ የአሮጌውን ስካነር ፕሮግራም አንሡ። ወደ ዲቫይስ ማናጀር ተመለሱና ቪው ከሚለው ላይ የተደበቁ ዲቫይሶችን አሳይ የሚለውን ምረጡ። የደበዘዘ የስካነር ስም ካገኛችሁ በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ አንኢንስቶል በሉት። ድራይቨሩንም አብረህ አስወግድ የሚል ሳጥን ከመጣ ምልክት አድርጉበት። ሪስታርት አድርጉ።

አሁን አዲሱን ጫኑ። ገመዱን ቀድማችሁ አትሰኩ። አብዛኞቹ ጫኚዎች መሐል ላይ «አሁን ስካነሩን ያገናኙ» ብለው ይጠይቃሉ፤ የምትሰኩት ያን ጊዜ ነው። ቀድማችሁ ከሰካችሁት ዊንዶውስ ያንኑ የራሱን አስተርጓሚ ቀድሞ ያስቀምጠዋል፤ ልፋታችሁ ይደገማል። በጣም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የቱሉ ዲምቱው ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በእኛ አካባቢ ደጋግሜ ያየሁት ነው። ሐሙስ ዕለት ልጇ ላፕቶፑን ቤት ወስዶ ከዋይፋይ ጋር አገናኝቶት ነበር። ትልቁ አፕዴት የወረደው ያን ጊዜ ነው። ሱቅ ውስጥ ግን ኢንተርኔቱ ከስልኳ ነው የሚመጣው። ፓኬጅ እንዳያልቅባት የስልኩን ግንኙነት ሜትርድ (ዳታው የሚቆጠርበት) እንዲሆን አድርጋዋለች። ጥሩ አድርጋለች፤ እኔም እመክራለሁ። ዊንዶውስ ግን ሜትርድ በሆነ ግንኙነት ላይ፣ ካልፈቀዳችሁለት በስተቀር የዲቫይስ ድራይቨር አያወርድም። አፕዴቱ አሮጌውን ድራይቨር ጣለው፤ አዲሱን ደግሞ ማምጣት ተከለከለ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ዲቫይስስ ውስጥ ብትገቡ በሜትርድ ግንኙነት ላይ ድራይቨር ይውረድ የሚል ማብሪያ ታገኛላችሁ። አብራነው ስካነሩን ነቅለን ሰካነው። ቢጫው ምልክት ጠፋ።

አባትየው ፌስታሉን ፈቱ። ካርታው መሐሉ ላይ በእጥፋት ብዛት ሳስቷል። መስታወቱ ላይ ሲያስቀምጡት በሁለት መዳፋቸው አስተካከሉት። «አይቀደድብኝም አይደል ልጄ?» አሏት። «ምንም አይሆንም አባባ» ብላ ክዳኑን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

እርምጃ 6፦ ድራይቨሩ አለ፤ ስካን ግን የለም

ዲቫይስ ማናጀር ላይ ሁሉም ደህና ሆኖ ስካን እምቢ ካለ ሁለት ነገር ይቀራል።

አንደኛው ዊንዶውስ ኢሜጅ አኩዚሽን የሚባለው አገልግሎት ነው። በስካነሩና በፕሮግራሙ መካከል የሚያገናኘው እሱ ነው። ስታርት ላይ ሰርቪስስ የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ክፈቱ። ወደ ታች ወርዳችሁ ስሙን ፈልጉ። አቁሞ ካገኛችሁት ክፈቱና አውቶማቲክ አድርጉት፤ ስታርት በሉት። እየሠራ ከሆነም በቀኝ ቁልፍ ሪስታርት በሉት። አንዳንዴ ይህ ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛው ፕሮግራሙ ነው። ይህን ለመለየት ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ፋክስ ኤንድ ስካን ክፈቱና ኒው ስካን በሉ። እሱ ስካን ካደረገ ድራይቨራችሁ ፍጹም ጤነኛ ነው። የታመመው የምትጠቀሙበት ፕሮግራም ብቻ ነው፤ እሱን አንሥታችሁ እንደገና ጫኑት። ነጻ የሆነውን ናፕስ ቱን ብትጭኑ ደግሞ ብዙ ገጽ አንድ ፒዲኤፍ ላይ ለማድረግ በጣም ምቹ ነው፤ ለኮፒ ቤት ከልቤ እመክረዋለሁ። እሱ ላይ ፕሮፋይል ስትፈጥሩ ደብሊው አይ ኤ እና ትዌይን የሚሉ መንገዶች ይሰጣችኋል። አንዱ እምቢ ካለ ሌላውን ሞክሩ። አሮጌ ስካነር በአንዱ ሲዘጋ በሌላው የሚከፈትበት ጊዜ አለ።

በኔትወርክ የተገናኘ ከሆነ

ሰበታና ለገጣፎ አካባቢ ያሉ ድርጅቶች ውስጥ ትልቁ ኮፒ ማሽን ስካን አድርጎ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ፎልደር ይልካል። አንድ ቀን ጠዋት መላኩን ያቆማል። ሦስት ምክንያት በተደጋጋሚ አያለሁ።

የመጀመሪያው አድራሻ ነው። መብራት ሄዶ ራውተሩ ሲነሣ ለማሽኑ ወይም ለኮምፒውተሩ ሌላ አይፒ አድራሻ ይሰጣል። የማሽኑ ስክሪን ላይ ያለውን አድራሻ ኮምፒውተሩ ላይ ከተመዘገበው ጋር አስተያዩ። ከተለያየ አስተካክሉና ራውተሩ ላይ ቋሚ አድርጉት።

ሁለተኛው የኔትወርኩ ዓይነት ነው። ከአፕዴት በኋላ ኮምፒውተሩ ቢሮውን ፐብሊክ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ያን ጊዜ ፋየርዎሉ በሩን ይዘጋል። ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ገብታችሁ ፕራይቬት አድርጉት። ይህን የምታደርጉት በራሳችሁ ቢሮ ኔትወርክ ላይ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጠለቅ ይላል። አሮጌ ኮፒ ማሽኖች ፋይል የሚልኩበት ኤስኤምቢ 1 የሚባል ያረጀ ቋንቋ አላቸው። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ሲጫን ይህን ቋንቋ አብሮ አይጭንም። ምክንያት አለው፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የገባው በዚሁ በኩል ነበር። «መልሰህ ክፈትልን» የሚሉኝ አሉ። እኔ አልከፍትም። የማሽኑ ፈርምዌር (ማሽኑ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር) አዲስ ካለው አድሱት፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ኤስኤምቢ 2 ይችላሉ። ካልቻለ ወደ ኢሜይል ወይም ማሽኑ ላይ በሚሰካ ፍላሽ ስካን አድርጉ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 24ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 11 ትልቅ አፕዴት ደግሞ አጥብቆታል። በፕሮ እትሙ ላይ ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትን አይቀበልም፤ ፊርማ ያለው ግንኙነትም ይጠይቃል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ለማሽኑ ብቻ የሚሆን አካውንት ክፈቱ። ፓስወርድ ስጡት፤ የስካን ፎልደሩን ለእሱ ሼር አድርጉ። ያንን ስምና ፓስወርድ ማሽኑ ላይ አስገቡ። ብዙ ጊዜ የሚፈጠር ስሕተት አለ፤ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን የሚከፍቱበትን አራት አሃዝ ፒን ማሽኑ ላይ ያስገባሉ። ፒን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራ ነው። ማሽኑ የሚፈልገው የአካውንቱን ፓስወርድ ነው።

በእርግጥም ጥፋቱ የአፕዴቱ ሲሆን

ይህም ይከሰታል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 አካባቢ 24ኤች2 ራሱ አንዳንድ በዩኤስቢ የተገናኙ ስካነሮችንና ሁለገብ ፕሪንተሮችን እንዳያገኛቸው አድርጎ ነበር። ኢኤስሲኤል የሚባለውን የስካን ቋንቋ የሚናገሩ መሣሪያዎች ነበሩ። ማይክሮሶፍት ችግሩን አምኖ፣ እነዚህ ዕቃዎች ያሉባቸው ኮምፒውተሮች አፕዴቱን እንዳያገኙ ለጊዜው አግዶ፣ በዲሴምበር 2024 ማስተካከያ አወጣ። እንዲህ ዓይነቱን ድራይቨር በመቀያየር አትፈቱትም። መድኃኒቱ የሚቀጥለው አፕዴት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቼክ ፎር አፕዴትስ በሉና የቀረ ካለ ጨርሱት። አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ያለውን ኦፕሽናል አፕዴትስም እዩት፤ የስካነር ድራይቨር እዚያ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ።

ካልሆነ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ዊንዶውስ 11 ላይ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አፕዴት ሂስትሪ፣ አንኢንስቶል አፕዴትስ በሚለው ገብታችሁ ስካነሩ ከመቆሙ በፊት በነበረው ቀን የገባውን አንሡ። ዋናው የዊንዶውስ እትም የተቀየረ ከሆነ ደግሞ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ ጎ ባክ የሚል አለ። እሱ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ብቻ ነው፤ «የሚቀጥለው ሳምንት አየዋለሁ» ማለት አያዋጣም። ከመለሳችሁ በኋላ አፕዴቱን እስከ 5 ሳምንት ፖዝ ማድረግ ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ ግን አትዝጉት። የሰው መታወቂያና ውል የሚያልፍበት ኮምፒውተር ያለ ደኅንነት ማስተካከያ መቆየት የለበትም።

አሮጌ ድራይቨር ትክክል ተጭኖም እምቢ ካለ፣ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ ገብታችሁ ኮር አይሶሌሽንን እዩ። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው ጥበቃ ያረጁ ድራይቨሮችን ያግዳል። ማጥፋት ይቻላል። እኔ የማጠፋው ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ነው፤ ባለቤቱም አውቆ ሲስማማ።

ድራይቨር ጨርሶ የሌለው አሮጌ ስካነር

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ወደ 11 ተሸጋገረ። ባለ 32 ቢት ዘመን የነበሩ ስካነሮች እዚያ ላይ አስተርጓሚ አጡ። ዕቃው ግን ጤነኛ ነው፤ መጣል ያሳዝናል።

ቪውስካን የተባለው ፕሮግራም በሺዎች ለሚቆጠሩ አሮጌ ስካነሮች የራሱን ድራይቨር ይዞ ይመጣል። ከመግዛታችሁ በፊት በነጻው ሞክሩት፤ ሥዕሉ ላይ ምልክት ያሳርፋል እንጂ ስካነራችሁ መሥራት አለመሥራቱን ያሳያችኋል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ ይቀላል።

ገንዘብ የማይጠይቀው መንገድ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራው ነጻ ሲስተም ሊኑክስ ነው። ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ፣ ሳትጭኑት ከፍላሹ ላይ ብቻ አስነሡት። ስካነሩን ሰኩና የስካን ፕሮግራሙን ክፈቱ። ከሠራ ዕቃው ጤነኛ መሆኑንም አረጋገጣችሁ፣ መውጫም አገኛችሁ። ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ካለ ኡቡንቱን ጫኑበትና የስካን ብቻ አድርጉት። አንድ ኮዬ ፈጬ ያለ ደንበኛዬ እንዲህ ካደረገ ቆየ፤ ስካነሩ አሁንም ይሠራል።

ሳይበላሽ የሚሠራ ሥራ

ዛሬ ስካነሩ ሲሠራ የድራይቨሩን ጫኚ ፋይል አንድ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ፍላሹን ለሌላ ነገር አትጠቀሙበት፤ የደንበኛ ኮምፒውተር ላይም አትሰኩት። የስካን ፋይሎችን በየሳምንቱ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ትልቅ አፕዴት ከመፍቀዳችሁ በፊት ሪስቶር ፖይንት (ችግር ቢመጣ ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ የሚመለስበት ነጥብ) ፍጠሩ። አፕዴቱን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ባለበት፣ ሰው በሌለበት ሰዓት አድርጉት። ሱቁን ዘግታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ወረቀት ስካን አድርጋችሁ እዩ። ችግር ካለ እሑድ አለላችሁ።

ከዚያ በነጭ ፕላስተር ላይ የስካነሩን ሞዴል፣ የድራይቨሩን ስምና ቁጥር፣ የሚሰካበትን ቀዳዳ፣ በኔትወርክ ከሆነም አይፒ አድራሻውን ጻፉ። ክዳኑ ላይ ሳይሆን ከጎኑ ለጥፉት፤ ክዳን ላይ ያለ ጽሑፍ በእጅ ብዛት ይጠፋል።